ማሽን ሲወልድ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማን ይባላል? ስለ ወሊድና ቴክኖሎጂ ከተጻፉ ልቦለዶች የቱን ላንብብ ለምትሉ

ሁለተኛ ልጄን የወለድኩት በኦፕራሲዮን ነው። አክስቴ ገንፎ ይዛ መጣች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብላ ሳመችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «በምጥ ነው በኦፕራሲዮን?» አለች። በኦፕራሲዮን ነው ስላት ትንሽ ዝም አለችና «እንግዲህ ዋናው ጤና ነው» ብላ ገንፎውን አስጠጋችልኝ። እኛ ዘንድ «ዋናው ጤና ነው» የሚባለው የሆነ ነገር ሲጎድል ነው።

ምን እንደጎደለኝ ግን አልገባኝም። ሆዴ ተሰፍቷል፣ ልጁ ጡቴ ላይ ነው። ሌሊት እያጠባሁ በስልኬ ማንበብ የጀመርኩት ያኔ ነው። ያነበብኩት ደግሞ ስለ ወሊድ የተጻፉ የሳይንስ ልቦለዶችን ነበር። ሰው ሠራሽ ማህፀን፣ በፋብሪካ የሚመረት ሕፃን፣ የሚያረግዝ ወንድ። ለአራስ የሚሆን ንባብ አይደለም ትሉ ይሆናል። እኔን ግን ከገንፎው እኩል ጠግኖኛል።

አሁን ጓደኞቼ «እኛም እናንብብ፣ ከየቱ እንጀምር?» ማለት ጀምረዋል። ለእያንዳንዷ በቴሌግራም ከምመልስ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። መጻሕፍቱ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ነው፣ ስለ ቋንቋቸው ክብደትም እግረ መንገዴን እናገራለሁ። መጨረሻቸውን አልነግራችሁም። መካከላቸውን ሳልነካ ግን ማወዳደር አልችልም።

መጀመሪያ ስለ ሚዛኑ። በዚህ ጉዳይ ክርክር ሲነሳ ሰው ቶሎ የሚሮጠው «ተፈጥሯዊ ነው ወይስ አይደለም?» ወደሚለው ነው። ይሄ ሚዛን ብዙ አይመዝንም። የእኔም ኦፕራሲዮን ተፈጥሯዊ አልነበረም። ሉዊዝ ብራውን በአይቪኤፍ (እንቁላልና የወንድ ዘር ከማህፀን ውጭ በላቦራቶሪ በሚገናኙበት ሕክምና) ተፀንሳ በ1978 እንግሊዝ አገር ኦልድሃም ውስጥ ስትወለድ ዓለም ጉድ ብሎ ነበር። ዛሬ አይቪኤፍ አዲስ አበባም ይሠራል። አሁን ጉድ የሚለው ዋጋውን የሰማ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ታሪክ ሳነብ የምጠይቀው ሌላ ነው። በአካሉ ዋጋ የሚከፍለው ሰው ተጠይቋል ወይ? እምቢ ቢልስ ምን ይመጣበታል?

ጊዜ ለሌላችሁ፦ ብለድቻይልድ

ኦክታቪያ በትለር በ1984 ያወጣችው አጭር ታሪክ ነው። አቦል ላይ ጀምራችሁ በረካ ላይ ትጨርሱታላችሁ። እንግሊዝኛው ቀላል ነው። ሁጎንም ኔቡላንም አሸንፏል፤ በሳይንስ ልቦለድ ዓለም ከእነዚህ በላይ ሽልማት የለም ማለት ይቻላል።

ሰዎች ከምድር ተሰደው ሌላ ፕላኔት ላይ ሰፍረዋል። የአገሩ ባለቤቶች ትሊክ የሚባሉ፣ ብዙ እግር ያላቸው ግዙፍ ፍጥረታት ናቸው። እንቁላላቸውን የሚያሳድጉት በሰው ገላ ውስጥ ነው። በአብዛኛው በወንድ ገላ። ሴቶቹማ የሰውን ዘር መቀጠል አለባቸው። ሰዎቹ በምትኩ የሚኖሩበት ቦታና ጥበቃ ያገኛሉ።

ባለታሪኩ ልጅ ስሙ ጋን ነው። እንግሊዝኛ አንባቢ ይሄን ስም አልፎት ይሄዳል። እኛ ግን ጋን ስንል የሚታየን ጠላ የሚጠመቅበት ያ ሆደ ሰፊ ሸክላ ነው። ሌላ ነገር የሚበስልበት ዕቃ። በትለር አማርኛ አስባ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ግን ከዚህ የተሻለ ስም ማን ያገኝለታል?

አንድ ማታ እንቁላሎቹ ሆዱ ውስጥ የተፈለፈሉበት ሰው ቤታቸው ይደርሳል። በጊዜ ካልወጡለት ከውስጥ ይበሉታል። የቤተሰቡ ወዳጅ የሆነችው ትሊክ ቲጋቶይ ሆዱን ቀድዳ አንድ በአንድ ታወጣቸዋለች። ጋን ቆሞ ያያል። ተረኛው እሱ ነው። ከመወለዱ በፊት ጀምሮ ታጭቷል።

ባለቤቴ ይሄን ታሪክ አንብቦ ሁለት ቀን ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን «አንቺም እንዲህ ፈርተሽ ነበር?» አለኝ። ሁለት ልጅ ወልጄለት እስከዚያ ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። ለወንድ አንባቢ ከዚህ ዝርዝር አንድ ብቻ ምረጪ ብባል የምሰጠው ይሄን ነው።

ስለ ባርነት የተጻፈ ነው የሚሉ አንባቢዎች ብዙ ናቸው። በትለር ራሷ ግን አይደለም ብላለች፤ የፍቅር ታሪክ ነው፣ የወንድ እርግዝና ታሪክ ነው ብላ ጽፋለች። እኔ መሐል ላይ ቆሜያለሁ። ጋን በመጨረሻ ይጠየቃል። እምቢ ካለ ግን እንቁላሉ ወደ እህቱ ይሄዳል። እንዲህ ተጠይቆ የሚሰጥ እሺታ እሺታ ነው? የንባብ ቡድን ካላችሁ በዚህ ብቻ ታመሻላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። ታሪኩን በአማርኛ ለሰው ስነግር «አረገዘ» የሚለው ቃል አፌ ላይ ይንከላወሳል። ሰዋስዉ ይፈቅዳል፣ ምላሴ ግን አለመደውም። እንግሊዝኛው ይሄን አይሰማውም። የአማርኛ አንባቢ በዚህ ታሪክ አንድ ድንጋጤ ትርፍ ያገኛል።

የእኔ ምርጫ፦ ባራያር

ወገንተኛ መሆኔን ከወዲሁ ልናገር። ሎይስ ማክማስተር ቡጆልድ በ1991 ያሳተመችው ነው፣ በማግስቱ ዓመት ሁጎን ወስዷል። ሽፋኑን ስታዩ የጠፈር ጦርነት ይመስላል። ውስጡ ግን የእርጉዝ ሴት ታሪክ ነው።

ኮርዲሊያ የመጣችው ቤታ ከሚባል የሠለጠነ ዓለም ነው። እዚያ ፅንስ በሰው ሠራሽ ማህፀን ማሳደግ ተራ ነገር ነው። ያገባችው ባራያር ላይ ነው። ባራያር መኳንንት፣ ፈረስና ሰይፍ የሚከበርበት፣ አካሉ ጎዶሎ የሆነ ሕፃን ሲወለድ የሚገደልበት ልማድ ያልጠፋበት አገር ነው። ነፍሰ ጡር ሳለች እሷና ባሏ በመርዝ ጋዝ ይጠቃሉ። ማርከሻው እናትን ያድናል፣ የፅንሱን አጥንት ግን ያበላሻል። ሐኪሞቹ ፅንሱን በኦፕራሲዮን አውጥተው ማሽን ውስጥ ያስገቡታል፤ እዚያ ሆኖ እንዲታከም።

ከዚህ በኋላ ነው ጉዱ። አያትየው፣ ትልቁ መስፍን፣ ልጁን አይፈልጉትም። በአገሩ ልማድ የበኩር ልጅ የአባቱን አባት ስም ይወርሳል፤ ስሜን አትሰጡትም ይላሉ። እኛ በአባት ስም የምንጠራ ሰዎች ይሄ ምን ያህል እንደሚከብድ ማንም አያስረዳንም። ስም መንፈግ ማለት ከዘር መሰረዝ ነው። መጽሐፉን ሳነብ ኮሪደር ላይ ከቆመው ዘበኛና ከጦርነቱ ይልቅ የሽማግሌው ዝምታ ነው ያስፈራኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ልጁን የሚጠሉት አገራቸውን በሚወዱበት በዚያው ልብ ነው።

ከዚያ የእርስ በርስ ጦርነት ይነሳል፣ ማሽኑም በጠላት እጅ ይወድቃል። ኮርዲሊያ ልጇን ልታመጣ ጠላት ወደያዘው ዋና ከተማ ትገባለች። ልጇ ሆዷ ውስጥ የለም። አልጨነገፈባትም፣ አልወለደችውምም። ያም ሆኖ እናት ናት፣ አንድም አንባቢ አይጠራጠርም። በዚያው ጉዞ ላይ ሌላ መኳንንት ሴት፣ ባሏ በተገደለበት ሌሊት፣ ተደብቃ በምጥ ትወልዳለች። ቡጆልድ ምጥንና ማሽንን ጎን ለጎን ታስቀምጣለች፤ አንዱን ከሌላው አታበልጥም። አክስቴን ያስታወስኳት እዚህ ገጽ ላይ ነው።

ማሽኑን ግን ቅዱስ አታደርገውም። ከዚህ በፊት ባወጣችው ሻርድስ ኦፍ ኦነር (1986) ውስጥ የተደፈሩ ምርኮኛ ሴቶች ፅንሶች በ17 ማሽኖች ተጭነው ወደ ደፋሪዎቹ አገር፣ ወደ ባራያር፣ ይላካሉ። እንኩ፣ የእናንተው ናቸው እንደማለት። ያው ማሽን ነው። ቤታም ቢሆን ገነት አይደለችም። እዚያ ልጅ ለመውለድ ፈቃድ ማውጣት ግድ ነው።

ስለ ሰው ሠራሽ ማህፀን ስንጽፍ ሙሉ በሙሉ ተረት እየተረትን አይደለም። በ2017 የፊላደልፊያ የሕፃናት ሆስፒታል ተመራማሪዎች ያለ ጊዜያቸው የወጡ የበግ ፅንሶችን ፈሳሽ በሞላው ከረጢት ውስጥ እስከ 4 ሳምንት አቆይተዋል። የታሰበው ያለ ወራቸው ለሚወለዱ ሕፃናት ነው። ከዘጠኝ ወር ማሽን በጣም ይርቃል። ሆኖም «ልጁ ከረጢት ውስጥ እያለ የሚወስነው ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ማሽኑ ፍጹም እስኪሆን የሚጠብቅ አይመስለኝም።

የባራያር ችግሩ፣ ገጹ ብዙ ነው፣ የሰው ስም ይበዛል። የመጀመሪያዎቹን ምዕራፎች ታግሳችሁ እለፉ።

ሁለቱ ታዋቂዎች፦ ብሬቭ ኒው ዎርልድና ዘ ሃንድሜይድስ ቴል

ብዙ ሰው የሚጀምረው ከእነዚህ ነው። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ካነበባችኋቸው ጥሩ ነገር ታያላችሁ። በአንዱ ሁሉም ነገር ቴክኖሎጂ ነው፣ በሌላው ቴክኖሎጂ ክልክል ነው። ሴቲቱን የሚጠይቃት ግን በሁለቱም የለም።

የአልደስ ሃክስሊ ብሬቭ ኒው ዎርልድ የወጣው በ1932 ነው። ከዚያ በፊት፣ በ1923፣ የሥነ ሕይወት ሊቁ ሃልዴን ካምብሪጅ ላይ ንግግር አድርጎ ከማህፀን ውጭ የሚያድግ ሕፃን በ1951 እንደሚወለድ በቀልድ መልክ ተንብዮ ነበር። ሃልዴን ተስፋ ያየበትን ሃክስሊ ፋብሪካ አደረገው። ለንደን ውስጥ ልጆች በጠርሙስ ያድጋሉ። ከአንድ እንቁላል እስከ 96 መንትዮች ይወጣሉ። ዝቅ ላለው ሥራ የታጩት ኦክስጅን ይቀነስባቸዋል። «እናት» ስድብ ነው። እኔን ያስቆመኝ አንድ ትንሽ ነገር ነው፦ ለሴቶቹ «የእርግዝና ምትክ» የሚባል ሕክምና ይሰጣቸዋል። እርግዝናውን ወስደው ሆርሞኑን መለሱላቸው። ሃክስሊ ሳያስበው ይመስለኛል፣ ከጠርሙሶቹ ሁሉ የበለጠ የሚያስፈራውን ነገር በአንድ መስመር ጥሎት አለፈ።

መጽሐፉ ስለ ጠርሙሱ ብዙ ያወራል፣ ስለ ሴቶቹ ትንሽ። ከሠለጠነው ዓለም ሴቶች የወለደችው ሊንዳ ብቻ ናት፤ እሷንም መሳቂያ አድርጓታል። ይሄ ቅር ብሎኛል። ቋንቋውም ከባድ ነው።

የማርጋሬት አትዉድ ልቦለድ በ1985 ወጣ። አሜሪካ ውስጥ ጊልያድ የሚባል የሃይማኖት አገዛዝ ተነስቷል። ልጅ የሚወልድ ጠፍቷል። መውለድ የሚችሉ ሴቶች ለሹማምንት ቤት ይታደላሉ። ሥርዓቱ የተወሰደው እኛ በደንብ ከምናውቀው ታሪክ ነው። ራሔል መካን በሆነች ጊዜ ባሪያዋን ባላን ለያዕቆብ የሰጠችበት። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 30ን ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ባላ ምን አለች ብዬ ጠይቄ ግን አላውቅም ነበር። አትዉድ ጠየቀች።

በምጡ ትዕይንት ማደንዘዣ የለም፣ ተከልክሏል። የሆድ ምርመራ ማሽንም በሕግ ታግዷል። የሹሙ ሚስት ከምታምጠው ሴት ኋላ ከፍ ብላ ትቀመጣለች፤ የምትወልደው እሷ እንደሆነች። ሴቶቹን የሚጠብቁት ደግሞ «አክስት» ይባላሉ። ይሄን ለአክስቴ ስነግራት ተቀየመችኝ።

አትዉድ በታሪክ ያልተደረገ ነገር አላስገባሁም ትላለች። እውነቷን ነው። ሩማንያ በ1966 ባወጣችው ቁጥር 770 ድንጋጌ ጽንስ ማቋረጥን ለአብዛኛው ሴት ከለከለች፤ የተሻረው በ1989 አገዛዙ ሲወድቅ ነው። ሌላው ወገን ደግሞ አለ፣ አትውለጂ የሚለው። በ2012 መጨረሻ የእስራኤል ቴሌቪዥን ከኢትዮጵያ የሄዱ ሴቶች ዴፖ ፕሮቬራ የተባለውን የወሊድ መከላከያ መርፌ በቂ ማብራሪያ ሳይሰጣቸው ይወጉ እንደነበር ዘገበ። ባለሥልጣናቱ ማስገደድ አልነበረም ብለዋል። በ2013 መጀመሪያ ግን የጤና ሚኒስቴሩ የሕክምናውን ትርጉም ላልተረዳች ሴት መርፌው እንዳይታደስላት ለሐኪሞች አሳሰበ። ምንም ልዩ ማሽን አላስፈለገም። መርፌና ያልተተረጎመ ወረቀት ይበቃል።

ከሁለቱ አንዱን ከሆነ አትዉድን ያዙ። እርጉዝ ከሆናችሁ ግን ቆዩ። ይሄን ከልቤ ነው የምለው።

ለመከራከር የምትፈልጉ ከሆነ፦ ውመን ኦን ዘ ኤጅ ኦፍ ታይም

ማርጅ ፒርሲ፣ 1976። ኮኒ ኒውዮርክ የምትኖር ድሃ የሜክሲኮ ዝርያ ናት። ልጇን ወስደውባታል፣ አሁን ደግሞ የአእምሮ ሆስፒታል አስገብተዋታል። ከዚያ ሆና በ2137 ካለች መንደር ጋር ትገናኛለች። በዚያ መንደር ልጅ የሚያድገው ማሽን ውስጥ ነው። እያንዳንዱ ልጅ ሦስት «እናት» አለው፣ ወንድም ሊሆን ይችላል። ወንዶቹም ያጠባሉ። ሴቶቹ መውለድን የተዉት ተገደው አይደለም። ማንም በማንም ላይ ሥልጣን እንዳይኖረው ከተፈለገ እኛም ያለችንን አንዷን ሥልጣን እንስጥ ብለው ነው።

ኮኒ ስታየው ትቆጣለች። እኔም ተቆጣሁ። ሁሉ የተቀማባት ሴት የቀራትን አንድ ነገር በገዛ ፈቃዷ ስጪ ስትባል! ከሳምንት በኋላ ግን ሐሳቤ ተንገዳገደ። ሦስት እናት ማለት ሌሊት ተራ መግባት ማለት ነው። የአራስ ቤት ጎረቤት፣ አክስትና እናት የሚጋሩትን ሸክም ፒርሲ በሕግ አጸናችው እንጂ አዲስ አልፈጠረችም።

ቋንቋው ያስቸግራል። የመንደሩ ሰዎች «እሱ» እና «እሷ» አይሉም፣ ለሁሉም አንድ ቃል አላቸው። በአማርኛ እንዴት ይባል ይሆን ብዬ ብዙ አሰብኩ፤ የእኛ ግስ ገና ሲጀምር ፆታ ይናገራል። በኋላ ትዝ አለኝ። «እሳቸው» አለን። መንደሩ በሙሉ አንቱ ለአንቱ ሊባባል ነው።

ማንበብ ለማትወዱ፦ ጋታካ

በ1997 የወጣ ፊልም ነው፣ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ወላጆች ከብዙ ፅንስ «የተሻለውን» ይመርጣሉ። ቪንሰንት ሳይመረጥ የተወለደ ነው፤ ገና እንደተወለደ ልቡ ደካማ እንደሆነና 30.2 ዓመት እንደሚኖር ይነገራል። ምርጡ ትዕይንት ሐኪሙ ቢሮ ውስጥ ነው። ወላጆቹ ለሁለተኛው ልጅ ትንሽ ነገር ለዕድል ብንተውስ ይላሉ። ሐኪሙ በትሕትና፣ በፈገግታ ያሳምናቸዋል። ማንም አልጮኸም፣ ማንም አላስገደደም። እምቢ ማለት እንዲህ ባለ ቢሮ ውስጥ ነው የሚከብደው።

በ2018 ቻይናዊው ሳይንቲስት ሄ ጂያንኩይ ፅንስ ሳሉ ዘረመላቸውን የነካካቸው መንትዮች መወለዳቸውን ሲያስታውቅ ዓለም ይሄን ፊልም አስታወሰ። በ2019 መጨረሻ 3 ዓመት እስራት ተፈረደበት። ልጆቹ በሕይወት አሉ የሚለውን ዜና ባየሁ ቁጥር የማስበው እነሱ ሲያድጉ ምን እንደሚባሉ ነው።

ሥሩን እፈልጋለሁ ለሚል ፍራንከንስታይን አለ፣ 1818። ሜሪ ሼሊ ስትወለድ እናቷ በ11ኛው ቀን ሞታለች፤ የራሷም የመጀመሪያ ልጅ በጨቅላነቷ ሞታባታለች። እናት የሌለበት ልደት የጻፈችው ይህን ይዛ ነው። ፍጡሩን የሠራው የቪክቶር ፍራንከንስታይን ኃጢአት መሥራቱ አይደለም። ሠርቶ ሲያበቃ ጥሎት መሮጡ ነው። ቋንቋው ግን አሮጌ ነው፣ ለክረምት አቆዩት።

እንግዲህ ለባላችሁ ወይም ለወንድማችሁ ብለድቻይልድን ስጡ። ለንባብ ቡድን ፒርሲን፤ እስክትጣሉ ድረስ። አይቪኤፍ ላይ ላለች ወዳጃችሁ አትዉድንም ጋታካንም አሁን አትስጡ። እሷ ብትፈልግ ባራያርን፣ ያውም ከጠየቀቻችሁ ብቻ። ሃክስሊን ከሁሉም በኋላ አንብቡት፣ ያኔ ምን እንደረሳ ይታያችኋል።

የኮርዲሊያን ታሪክ ለአክስቴ እስከ መጨረሻው ነገርኳት። መርዙን፣ ማሽኑን፣ ሽማግሌውን፣ ጦርነቱን። ቡናዋ እስኪቀዘቅዝ ሰማችኝ። ስጨርስ «ታዲያ ገንፎውን ማን አገነፋላት?» አለች። ቤት ሄጄ ገለባብጬ ፈለግሁ። መጽሐፉ ውስጥ የለም።